ከኩራዝ እስከ ቆጣሪ፦ የጀጎል ምሽት እንዴት በራ?

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ የሒሳብ ሪፖርቱን ግማሽ እንዳደረስን መብራት ጠፋ። ለማናችንም አዲስ ነገር አልነበረም። አንዷ ስልኳን አበራች፣ ሌላዋ ሻማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቡናው ግን በከሰል ላይ ስለነበር ሳይቋረጥ ቀጠለ። በዚህ መሐል ከእናቶቻችን አንዷ፣ «እኛ መብራት ጠፋ የምንለው ኩራዙ ላምባ ሲጨርስ ነበር፤ ደግሞም የምንወቅሰው ሰው አልነበረንም» አሉ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ሒሳቡን ትቶ ወደ ድሮው ዘመን ሄደ።

ጨዋታው የመጣው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚያ ቀን ዋና አጀንዳ የመብራት ጉዳይ ነበር። በክረምቱ ከአባሎቻችን አንዷ ከገበያ ውላ ከመግሪብ በኋላ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ወራት ባለፈው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ድንጋዩ አዳልጧት እጇ ተሰብሯል። የሕክምናዋ ወጪ ከማኅበሩ የእርዳታ ሣጥን ነው የወጣው። እናም በዚያ መታጠፊያ ላይ ማኅበሩ በራሱ ወጪ መብራት ይስቀል ወይስ አይስቀል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግማሾቻችን «መንገድ የመንግሥት ነው፣ የመንገድ መብራትም የመንግሥት ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «እጁ የእኛ ነው» አልን። ለዚህ እትም የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ተራው ሲደርሰን ርእሱን ሌላ ቦታ መፈለግ አላስፈለገንም።

ከግንቡ እንጀምር። ጀጎልን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዘመኑም 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ 48 ሄክታር የሚሆን ከተማ በውስጡ ያቅፋል። አምስቱን በሮች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በድሮው ሥርዓት እነዚህ በሮች ሲመሽ ይዘጋሉ፣ ሲነጋ ይከፈታሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት የሐረር «የመንገድ መብራት» ይኸው የበሩ መዝጊያ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሌሊቱን ከማብራት ይልቅ ሌሊቱን ውጭ ማስቀረት ነበር ዘዴው። ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በግንቡ ሥር «ዋራባ ኑዱል» የሚባሉት የጅብ መግቢያዎች አሉ፤ በእነሱ በኩል ጅቡ ገብቶ የቀኑን ቆሻሻ ጠርጎ ይወጣል። በጨለማ መተላለፊያ የሚሄድ ሰው ጨረቃ ከሌለ የራሱን እሳት ይዞ ይሄዳል። መንገዱን የሚያበራለት ሌላ አካል አልነበረም።

ቤት ውስጥም ብርሃን በቁጥቁጥ ነበር። የቆየ የሐረሪ ቤት የገባች ሁሉ እንደምታውቀው፣ ጊድር ጋሩ ብርሃን የሚያገኘው በዋናነት በበሩ ነው። ቀን በር ክፍት ሆኖ ንደባው ላይ ተቀምጦ ስፌት ይሰፋል፤ ሲመሽ እጅ ያርፋል። በግድግዳው ውስጥ የተሠሩት ጣቄቶች ለቁርኣን፣ ለዕቃና ለጌጥ ብቻ ሳይሆን መብራት ለማስቀመጥም ይመቻሉ፤ እሳቱ ከልጅ እጅ ይርቃል፣ ነፋስም አያገኘውም፣ ነጩ ግድግዳ ደግሞ ብርሃኑን ይመልሰዋል። በክርስቲያን ቤት ጧፍ አለ፤ ጥጥ ተፈትሎ ሰም ጠጥቶ። ሌላው ስብ፣ ቅቤ፣ ዘይት ነው። እኛን የሒሳብ ሰዎችን አንድ ነገር ይገርመናል፦ በዚያ ዘመን የሚነድደው ነገር አብዛኛው የሚበላ ነገር ነበር። መብራት ማምሸት ማለት ከምግቡ ላይ ቆርሶ ማቃጠል ነው። እናቶቻችን «መብራት አታባክኑ» ሲሉ የነበረው ቁጣ ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ላምባ ይህን ለወጠው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1853 በዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው ልቪቭ ከተማ ኢግናቲ ዉካሼቪች የተባለ የመድኃኒት ባለሙያ ከድፍድፍ ነዳጅ ባጣራው ላምባ የሚሠራ መብራት ለሆስፒታል አቀረበ፤ በዚያም ብርሃን የሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በአሚር አሕመድ ዘመን ሐረር ገባ። በርተን ያየው ምሽት ገና የድሮው ምሽት ነበር። ልጆቹ ያዩት ግን ሌላ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ጋዝ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም አማርኛችን ያሳስተናል። ሱቅ ሄደን «የአምስት ብር ጋዝ» ስንል ያደግነው ላምባ ነው፣ ነጭ ጋዝ። የአውሮፓ የጎዳና ጋዝ ግን ፈሳሽ አይደለም። የድንጋይ ከሰል በተዘጋ ብረት ውስጥ አየር ሳያገኝ ሲጋገር የሚወጣ እንፋሎት የመሰለ ነገር ነው፤ ታጥቦ፣ በትልቅ ጋን ተጠራቅሞ፣ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ቤት ለቤትና መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። ዊልያም መርዶክ የተባለ የእንፋሎት ሞተር ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1792 ቤቱን በዚህ አበራ። በ1807 የለንደኑ ፖል ሞል ጎዳና በራ፤ በ1812 ደግሞ ለለንደን ጋዝ የሚያከፋፍል ኩባንያ በንጉሥ ፈቃድ ተቋቋመ። ማታ ማታ በትር ይዞ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚሄድ መብራት አብሪ የከተማው የታወቀ ሰው ሆነ።

ይህ ጋዝ ወደ ሐረር ሁለት ጊዜ በጣም ተጠግቶ ነበር፤ በሰው ዓይን ውስጥ ሆኖ ማለታችን ነው። መጀመሪያ በግብፆች ጊዜ። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. በራውፍ ፓሻ መሪነት ከተማችንን ይዘው እስከ 1877 ዓ.ም. ቆይተዋል። በዚያው በኬዲቭ እስማኤል ዘመን የካይሮ ዋና ዋና ጎዳናዎች በጋዝ ፋኖስ መብራት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ሐረር ውስጥ ዘብ የሚቆም የግብፅ መኮንን አገሩ ሲመለስ የሚያየውን መብራት እያሰበ በእኛ ጨለማ ውስጥ ይቆም ነበር። ሁለተኛው ራስ መኰንን ናቸው። በ1894 ዓ.ም. ክረምት ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል እንግሊዝ አገር ሄደው ነበር። ያን ጊዜ የለንደን አብዛኛው ጎዳና በጋዝ ነበር የሚበራው። የሐረር ገዢ ይህን አይተው ተመልሰዋል።

ታዲያ ለምን ወደ እኛ አልመጣም? ሒሳቡ ቀላል ነው። ጋዝ በጆንያ አይመጣም። የድንጋይ ከሰል፣ ማጋገሪያ፣ ጋን፣ በየመንገዱ የሚቀበር የብረት ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ወጪ አንድ አምፖል ሳይበራ በፊት የሚወጣ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ቋሚ ወጪው ግዙፍ ነው ማለት ነው። በጀጎል ጠመዝማዛና ዳገታማ መተላለፊያዎች ሥር ቧንቧ መቅበር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ውኃ ለማስገባት እንኳ ስንት ዓመት እንደፈጀ እናውቃለን። ላምባ ግን በቆርቆሮ ይመጣል። ቋሚ ወጪ የለውም፤ ያለሽን ያህል ትገዣለሽ፣ የገዛሽውን ያህል ታበሪያለሽ። ለድሃ ቤት የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው፤ ምንም እንኳ ዞሮ ዞሮ በውዱ የምትከፍለው እሷ ብትሆንም።

የላምባው ቆርቆሮ መጀመሪያ ከዘይላ በኩል በግመል፣ ኋላም በባቡር መጣ። የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወደ ሐረር ያለው ዳገት በበቅሎና በግመል ይሸፈን ነበር። ቆርቆሮው ራሱ ከላምባው ያላነሰ ጥቅም ሰጥቷል። ባዶው ውኃ መቅጃ ሆነ፣ እህል መስፈሪያ ሆነ፣ ተቆርጦ ኩራዝ ሆነ። ከሸዋ በር ውጭ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ዛሬም አሉ። ኩራዝ ምን አላት? ትንሽ ቆርቆሮ፣ ክዳኗ ላይ ቀጭን አንገት፣ በአንገቷ ውስጥ የጨርቅ ፈትል። መስታወት የላት፣ መቆጣጠሪያ የላት። ነገር ግን ስንቱን አስተምራለች!

ኩራዝን ስናስታውስ አናሞግሳት። ጠዋት አፍንጫችንን ስናብስ መሐረቡ ይጠቁር ነበር። ጎንበስ ብለን ስናነብ ግንባራችን ላይ ያለው ፀጉር ይለበለባል፤ ክፍሉ በሙሉ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እህትማማቾቹ ደግሞ እንስቃለን። ጣሪያው ጠቁሮ በየዓመቱ ኖራ ይቀባል። ከዚህ የከፋው አደጋው ነው፦ ላምባው ቤንዚን ከተቀላቀለበት ይፈነዳል፤ ልጅ ከደገፋት ትገለበጣለች። ከአባሎቻችን መካከል ክንዷ ላይ የኩራዝ ጠባሳ ያለባት አንድ ብቻ አይደለችም። የመስታወት መከለያ ያለው ፋኖስ የተሻለ ነበር፤ ነፋስ አያጠፋውም፣ ቢወድቅም የሚያፈሰው ያንሳል። ፋኖስ ያለው ቤት እንግዳ ሲመጣ ያወጣዋል።

ለሠርግ ደግሞ ፔትሮማክስ ነበር። እናቶቻችን ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በርሊን ውስጥ ኤርሪሽ ኡንድ ግሬትስ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ የሠራው መብራት ነው። ላምባው በፓምፕ ተገፍቶ በሙቀት ይተንና፣ ከጨርቅ የተሠራች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይነድዳል። ከረጢቷ መጀመሪያ ስትቃጠል ጨርቁ ያልቅና ዐመድ የመሰለ መረብ ይቀራል፤ ነጩን ብርሃን የሚሰጠው ያ መረብ ነው፤ በጣት ከነኩት ይፈርሳል። ይህች ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1885 በኦስትሪያ የተፈለሰፈችው ለጎዳና ጋዝ ነበር። ስለዚህ የለንደን ጋዝ በቧንቧ ባይደርሰንም ልብሱን ልኮልናል። «ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሠርግ ያለበትን ቤት እናውቅ ነበር» ይላሉ እናቶቻችን። የሚከራይም ነበርና ከሠርጉ ወጪ ተርታ ይጻፋል።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በ1890 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ለማብራት በመጣ ጄኔሬተር ነው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ የአቃቂ ወንዝ የመጀመሪያውን የውኃ ኃይል ሰጠ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ «መብራት ኃይል» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ከአፋችን ያልወጣው ከዚያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ስንት ጊዜ ቢለውጥም እኛ አልለወጥንም። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ሥራ ጀመረ፣ ኋላ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ጊቤዎቹ መጡ።

ሌላው ታሪክ በቃላቶቻችን ውስጥ ተቀምጧል። ፋኖስ ከዐረብ ነው፤ በቀይ ባሕር ንግድ የመጣ። አምፖል ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡሩም የእነሱ ነበር። ኮረንቲ፣ ስፒናና ባልቦላ ጣልያንኛ ናቸው፤ ጣልያን ሐረርን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ቆይቷል። ሶኬት እንግሊዝኛ ነው። አንዲት ሴት «ባልቦላው ተቃጥሎ አምፖሉ አልበራ አለ፣ ፋኖሱን አምጪ» ስትል ሦስት አገር በአንድ ትንፋሽ ትጠራለች። ማብሪያና ማጥፊያው ብቻ የራሳችን ነው፤ አብዝተን የምንጠቀመውም እሱን ነው።

የእኛ ትውልድ ያደገው ኤሌክትሪክ ባለበት ከተማ ነው፤ ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ ያለበት ከተማና ኤሌክትሪክ ያለው ልጅ አንድ አይደሉም። ብዙዎቻችን በኪራይ ቤት ነበርን። ቆጣሪው የአከራይ ነው፤ አንድ ቆጣሪ ለአምስትና ስድስት ቤት። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከግቢው ጫፍ «አጥፉ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ካላጠፋን ባልቦላው ይነቀላል። ፈተና ሲደርስ ኩራዟን ከአልጋ ሥር አውጥተን እናበራለን። ወር ሲሞላ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ይካፈላል፤ ባለ ሁለት አምፖሏ ከባለ አንዷ እጥፍ ትከፍላለች፤ የአከራዩ ማቀዝቀዣ ግን አምፖል ስላልሆነ አይቆጠርም። ሒሳብ ማጥናት ያስፈለገን ያኔ ነው ብንል ቀልድ ብቻ አይደለም።

አሁን በትክክል እናስላው። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው ታሪፍ፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዱ 0.2730 ብር ነበር። ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የአገልግሎት ክፍያን ሳንጨምር 2 ብር ከ46 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከአሥርና ከዚያ በላይ ኩራዝ አንድ ላይ ቢበራ ያን አምፖል አያክልም፤ ኩራዝ 10 ሉመን ገደማ ብርሃን ስትሰጥ ባለ 60 ዋቱ አምፖል 700 ገደማ ይሰጣል። እናም በላምባ የሚያበራው ቤት ለጥቂት ብርሃን ብዙ ሲከፍል፣ ቆጣሪ ያለው ቤት ለብዙ ብርሃን ጥቂት ይከፍል ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ቆጣሪውን ለማስገባት በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። ማኅበራችን የመጀመሪያዎቹን ብድሮች ለቆጣሪ ማስገቢያ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነበር፤ መዝገቡ አለ፣ ሁሉም ተመልሷል።

በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ ግድቦቹ ሲጎድሉ መብራት በፈረቃ ሆነ። የፈረቃውን ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፈን እንጀራ የምንጋግረው በእሱ ነበር። በዚያው ሰሞን አሮጌውን አምፖል ሰጥቶ ኃይል ቆጣቢውን የመውሰድ ዘመቻ መጣ፤ በመላው አገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ተለወጠ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከድሬዳዋ የሚነሣው የከፍተኛ ኃይል መስመር ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ መሸጥ ጀመረ። ይህ ያስደስተናል። የላምባ ቆርቆሮ ከባሕር ዳርቻ ሽቅብ የመጣበት መንገድ፣ ዛሬ ብርሃን ቁልቁል ይሄድበታል። በዚያው ዓመት መጋቢት 24 ቀን የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል ማኅበራችንም ቦንድ ገዝቶ ነበር፤ ግድቡ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ሲመረቅ ያን ደረሰኝ ከካዝናው አውጥተን በእጅ በእጅ ተቀባብለነዋል።

እንግዲህ ወደ መታጠፊያዋ እንመለስ። «የመንገድ መብራት የመንግሥት ነው» የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ግን ታሪኩ እንደምናስበው የቆየ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ የከተማው ፖሊስ ሹም ላ ሬኒ የጎዳና ፋኖሶችን በመንግሥት ደረጃ ያደራጀው እ.ኤ.አ. በ1667 ነው። ከዚያ በፊት በፓሪስም በለንደንም በራፉ ላይ ወይም በመስኮቱ ላይ መብራት እንዲያኖር የሚታዘዘው ባለቤቱ ነበር። ወጪው የሻማ ስለነበር ብዙው ሰው ያመልጥ ነበር። እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም፤ ለሹዋሊድ ሌሊት፣ በረመዳን፣ በደመራ ዋዜማ ሁሉም በሩን ያበራል፤ ያኔ በጀጎል ልጆች እንኳ ብቻቸውን ይሄዳሉ። በዓሉ ሲያልፍ አምፖሉ ይወርዳል።

ወጪውን እነሆ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ሌሊቱን 12 ሰዓት ቢበራ በወር 3.24 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በድሮው ታሪፍ 88 ሳንቲም። ታሪፉ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየጊዜው ከፍ ብሏል፤ ብዙ እጥፍ ብናደርገው እንኳ ከስኒ ቡና ብዙም አይርቅም። የአባላችን የእጅ ሕክምና ግን በዚህ ስሌት አምፖሉን ለብዙ ዓመታት ያበራ ነበር። ቢሆንም ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እርከኑ ስለሚጨምር፣ መብራቱ የሚቀጠልባት እህት የራሷ ሒሳብ ወደሚቀጥለው እርከን ቢገባ ልዩነቱን ማኅበሩ ይሸፍን እንጂ እሷ ላይ አይውደቅ። ሁለተኛ፣ ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው፤ አሮጌ ግድግዳ ላይ እንደ ፈለግን ምስማር አንመታም። ከቅርስ ጥበቃው ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ለማዘጋጃ ቤቱም የተቃጠለው አምፖል እንዲለወጥ ማመልከቻችንን በጽሑፍ እናስገባለን። የራሳችንን ብንሰቅልም ጥያቄያችንን አንተውም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እስከዚያ የአምፖልና የሽቦ ዋጋ ከሁለት ሱቅ አስጽፈን እናመጣለን፤ መሰላል ያላት እህት ታስታውቀን። ስብሰባው ከዐሥር ሰዓት በፊት ይጀመራል፤ እጇ ገና በፋሻ ያለችው አባላችን ሳይመሽ መመለስ ትፈልጋለች።